አንድ ሚሊሲቨርት፦ ከአድዋ ዘመን ራጅ እስከ ጮቄ ሰማይ

በግንቦት 1896 ኔፕልስ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ሁለት ወታደሮችን አዲስ በመጣ ማሽን ፊት አስቀመጠ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ነበሩ። ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ሥጋ እየቆፈሩ ከመፈለግ ይልቅ አልቫሮ ቆዳቸውን ሳይነካ የት እንዳለ አየው። ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን ካገኘ ገና ስድስት ወሩ ነው። ጨረር ለጦር ቁስለኛ ያገለገለበት፣ በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው ይባላል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

በዚያ ዘመቻ አድዋ ላይ ከተሰለፉት መካከል የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከነሠራዊታቸው ነበሩበት። መናገሻቸው መንቆረር ነበረች፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንላት። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። ስለዚህ የጨረር ታሪክ ከእኛ የራቀ፣ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ ነው ሲባል አይዋጥልኝም። ገና ሲጀመር የኛ ጥይት አለበት። ዛሬም ሐኪም ቤት ስንሄድ «ራጅ ተነሳ» እንላለን እንጂ ኤክስሬይ አንልም። ቃሉ ጣሊያኖች ጨረሮችን ከሚጠሩበት «ራጂ» የቀረ ይመስላል።

ግን ዛሬ የማወራው ስለ ማሽኑ አይደለም። ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 1 ነው፤ አንድ ሚሊሲቨርት። አንድ ተራ ሰው፣ ማለትም በጨረር ሥራ ላይ ያልተሰማራ ሰው፣ ሰው ከሠራቸው የጨረር ምንጮች በዓመት ከዚህ በላይ እንዳያገኝ የዓለም አቀፉ ደንብ ይከለክላል። ሕክምና በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የኛም አገር ደንብ ይህንኑ የዓለም አቀፍ ደረጃ ይከተላል። በአሁኑ ሰዓት ደግሞ ይሄ ቁጥር በጣም ጥብቅ ነው፣ ይነሳ፣ ይላላ የሚል ክርክር በዓለም ላይ ጦፏል። ክርክሩ ሩቅ ይመስላል። እስቲ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንይና ሩቅ መሆን አለመሆኑን እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ቆዳ ሲቀላ

መጀመሪያ ላይ ገደብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሐኪሞች ማሽኑ መሥራቱን የሚፈትሹት የራሳቸውን እጅ ፊቱ ላይ ዘርግተው አጥንታቸውን በማየት ነበር። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላ እጆች መቅላት፣ መላጥ፣ መቁሰል ጀመሩ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ሁለት እጁን በቀዶ ሕክምና አጥቶ በ1904 ሞተ። ኤዲሰን ከዚያ ወዲያ ኤክስሬይ የሚባል ነገር መንካት አልፈለገም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገደብ የተቆረጠው በቆዳ ነው። በ1925 አርተር ሙቸለር የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ ቆዳን ለማቅላት የሚበቃውን መጠን ወስዶ፣ የዚያን አንድ መቶኛ በወር ቢያገኝ ሠራተኛው ይችለዋል አለ። «የሚቻል መጠን» ተባለ።   በ1928 ስቶክሆልም ላይ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ጉባኤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚከተለውን የጨረር መከላከያ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1934 ያወጣው ገደብ ለሠራተኞች በቀን 0.2 ሮንትገን ነበር። በዛሬው መለኪያ ወደ 2 ሚሊሲቨርት ይጠጋል። ልብ በሉ፦ ዛሬ አንድ ተራ ሰው በዓመት ከሚፈቀድለት እጥፉን፣ ያኔ አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን ቢያገኝ ችግር የለውም ይባል ነበር።

የዚያ ዘመን አስተሳሰብ እንደ ሸክም ነው። አንድ አህያ እስከዚህ ኩንታል ትችላለች፤ ከዚያ በታች ምንም አትሆንም፤ ከዚያ በላይ ወገቧ ይሰበራል። ወገቡ የሚሰበርበትን ቦታ ፈልገህ ከዚያ በታች ከሆንክ ሰላም ነው።

ይህን ሐሳብ ያናጋችው ዝንብ ናት። በ1927 አሜሪካዊው ኸርማን ሙለር ፍሬ ላይ የምትርመሰመሰውን ትንሿን ዝንብ በኤክስሬይ መትቶ ዘረመሏ እንደሚለወጥ አሳየ። በተከታዮቹ ዓመታት የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ ጨረሩ በጨመረ ቁጥር ለውጡም በዚያው ልክ እንደሚጨምር ያሳዩ መሰለ። የሚሰበር ወገብ የለም፤ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሙለር በ1946 ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁለቱ ከተሞች የተረፉት ሰዎች ሳይወዱ የዓለም መለኪያ ሆኑ። ከ1950 ጀምሮ ወደ 120,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ቦምቡ ሲወድቅ የት እንደቆሙ እየተመዘገበ፣ ማን በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ እየተከታተሉ ይቆጥራሉ። አንዳንዱ ቅርብ ነበር፣ ብዙ ጨረር አገኘ። አንዳንዱ ሩቅ ነበር፣ ጥቂት አገኘ። ከ100 ሚሊሲቨርት በላይ ሲወጣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ካንሰሩም ይጨምራል። ከዚያ በታች ነጥቦቹ ይበታተኑና መስመሩ ጭጋግ ውስጥ ይገባል።

በ1950ዎቹ ደግሞ ኃያላኑ ቦምብ በሰማይ ላይ እየሞከሩ ብናኙ በዓለም ሁሉ ይዘንብ ነበር። ሰው ፈራ። ጥያቄው የሐኪምና የሠራተኛ መሆኑ ቀርቶ የሕፃን ወተት ጥያቄ ሆነ። በ1956 የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ኮሚቴ ለዘረመል ጉዳት «ምንም የማይጎዳ ትንሽ መጠን» የሚባል ነገር የለም ብላችሁ አስቡ አለ። ቀስ በቀስ ያው አስተሳሰብ ለካንሰርም ተወሰደ፦ ከሂሮሺማ የተገኘውን መስመር ጭጋጉን አቋርጠህ እስከ ዜሮ ድረስ በማስመሪያ አስምረው። ገደቡም ወረደ፤ ለሠራተኛ በዓመት 50 ሚሊሲቨርት፣ ለሕዝብ 5 ሆነ። በ1985 ለሕዝብ የሚፈቀደው ወደ 1 ዝቅ አለ፤ በ1990 በወጣው ትልቁ የኮሚሽኑ ሰነድም ጸና፣ የሠራተኛውም በአምስት ዓመት አማካይ 20 ሆነ።

ደብረ ማርቆስ ላይ የሚዘንበው

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፣ የተማርኩትም ምህንድስና። በሥራችን በጣም የሚያናድድ ነገር አለ፤ የሌላ ሰው ኮድ ከፍተህ «1» የሚል ቁጥር ታገኛለህ፣ ለምን 1 እንደሆነ ግን አንድም ማብራሪያ አልተጻፈም። ብትነካው ምን እንደሚፈርስ አታውቅም። አንድ ሚሊሲቨርትም ለእኔ እንደዚያ ነበር። ለምን 1? ለምን 3 ወይም ግማሽ አልሆነም?

የ1990ው ሰነድ ግን ምክንያቱን ጽፏል። አንደኛው ምክንያት የአደጋ ስሌት ነው። ሁለተኛው ነው ያስገረመኝ። ኮሚሽኑ ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ከቦታ ቦታ በጣም የሚለዋወጠውን ራዶን የተባለ ጋዝ ብንተወው፣ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ያህል ያገኛል፤ ከፍታ ላይ የሚኖርና አንዳንድ ዓይነት አፈር ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ቢያንስ እጥፉን ያገኛል። ሰው በዚህ ልዩነት ውስጥ ሳይጨነቅ ይኖራል። እንግዲያው ሰው ሠራሹም ከዚህ ልዩነት ባይበልጥ ይበጃል።

ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ማለት እኛ እኮ ነን።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ሌት ተቀን ይዘንብብናል። አየር እንደ ጋቢ ይከላከልልናል፤ ከፍ ባልክ ቁጥር ጋቢው ይሳሳል። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት ባሕር ጠለል ላይ የሚኖር ሰው ከሕዋ በዓመት 0.27 ሚሊሲቨርት ያገኛል። ናይሮቢ፣ በ1,660 ሜትር፣ 0.58። ሜክሲኮ ሲቲ፣ በ2,240 ሜትር፣ 0.82። ኪቶ፣ በ2,840 ሜትር፣ 1.13። ላ ፓዝ፣ በ3,900 ሜትር፣ 2.02።

ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሜክሲኮ ሲቲና በኪቶ መካከል። ስለዚህ በግምት ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሲቨርት ድረስ ከሰማይ ብቻ ታገኛለች። ያ ዓለም የሚከራከርበት ገደብ ያህል በየዓመቱ ጣሪያችንን ዘልቆ ይገባል ማለት ነው፣ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ። ጮቄ ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ወጥቶ ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ደግሞ ከአንድ ሚሊሲቨርት አልፏል።

በአውቶቡስ ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደጀን ደርሳችሁ ዓባይ በረሃ መውረድ ትጀምራላችሁ። ጆሮ ድፍን ይላል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ ጃኬት ይወልቃል። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከፍታው ከ1,100 ሜትር በታች ነው። በዚያ የአንድ ሰዓት ቁልቁለት ከሰማይ የሚወርድባችሁ ጨረር ወደ ግማሽ ዝቅ ብሏል። ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ማንም ተሳፋሪ አንድም ነገር አይሰማውም።

ነገሩን ሚዛናዊ የሚያደርገው መሬታችን ነው። የጎጃም ደጋ የቆመበት ድንጋይ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ውስጥ ያለው ዩራኒየምና ቶሪየም ደግሞ ከግራናይት በጣም ያነሰ ነው። ሰማይ ጨምሮ ሲሰጠን ምድር ቀንሳ ትሰጠናለች። በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ሁሉ ተደምሮ በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት በዓመት ያገኛል። ለንጽጽር፦ አንድ የደረት ራጅ 0.1 ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ወደ 8 ወይም 10 ይደርሳል። የአየር መንገድ አስተናጋጅ ከበረራዋ በዓመት ከ2 እስከ 5 ታገኛለች።

«ታዲያ ገደቡ ቀልድ ነዋ!» የሚል ይኖራል። አይደለም። ገደቡ ሰማይን አይከስም፤ ሊከስም አይችልም። የሚመለከተው የሰውን ውሳኔ ነው። አንድ ፋብሪካ ከአጥርህ ማዶ ተተክሎ ለእሱ ትርፍ ሲል አንተ ላይ ጨረር ሲጨምር፣ «ከሰማይ የሚመጣው ይበልጣል» ብሎ ሊያመልጥ አይገባም። ዝናብ ቤትህን አበሰበሰው ማለት ጎረቤትህ ውኃ ሊደፋብህ ይችላል ማለት አይደለም።

መላው ጎጃም ተቆጥሮ

ግን ጭጋጉ ውስጥ ምን አለ? ትንሽ ጨረር በእርግጥ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ይህን ለምን ቆጥረን አንጨርሰውም?

መልሱ የሒሳብ ነው። በኮሚሽኑ ስሌት 100,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊሲቨርት ቢያገኙ፣ 5 ያህሉ በዕድሜያቸው ከዚያ በመጣ ካንሰር ይሞታሉ። ከእነዚያው 100,000 ሰዎች ውስጥ ግን በሺዎች የሚቆጠሩት ያለ ምንም ተጨማሪ ጨረር በካንሰር ይሞታሉ። ካንሰር ደግሞ ከየት እንደመጣ ማኅተም የለውም። አምስቱን ከሺዎቹ ለይ ብትባል፣ በመርካቶ ጩኸት መሐል የአንድ ሰው ሹክሹክታ እንደመስማት ነው።

መጠኑ ባነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው የሰው ብዛት በአስር ሳይሆን በመቶ እጥፍ ያድጋል። በአንድ የታወቀ ስሌት የ1,000 ሚሊሲቨርትን ጉዳት ለማየት 500 ሰው ቢበቃ፣ የ100ን ለማየት 50,000፣ የ10ን ለማየት 5 ሚሊዮን ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና አዊ ተደምረው ከ5 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጡ ነበር። ማለትም መላውን ጎጃም፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ቤት ለቤት መዝግበህ ዕድሜ ልክ ብትከታተል፣ 10 ሚሊሲቨርት ያመጣውን ጉዳት ገና አሁን ማየት ትጀምራለህ። አንድ ሚሊሲቨርትን ለማየትማ የምድር ሕዝብ ጉልህ ክፍል ያስፈልግሃል።

ስለዚህ ሁለቱም ተከራካሪ በእጁ ማስረጃ አለው። በሕንድ ኬረላ አሸዋው ቶሪየም የበዛበት ባሕር ዳርቻ አለ። እዚያ 70,000 ያህል ነዋሪዎች ለዓመታት ተጠንተው የበዛ ካንሰር አልተገኘባቸውም። «አያችሁ፣ ትንሽ ጨረር አይጎዳም» ይላሉ አንዱ ወገን። በፈረንሳይ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ከ300,000 በላይ የኑክሌር ሠራተኞች ተጠንተው በ2023 በታተመው ውጤት ደግሞ፣ ከ100 በታች ባለው መጠን ውስጥ እንኳ ካንሰሩ ከጨረሩ ጋር ሲጨምር ታየ። «አያችሁ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው» ይላል ሌላው ወገን።

ከመረጃው በላይ ግን ክርክሩን የሚያንቀሳቅሰው ፍርሃትና ገንዘብ ነው። የፍርሃትን ዋጋ ያሳየው ፉኩሺማ ነው። በመጋቢት 2011 ከአደጋው በኋላ ከ150,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀቁ። አዛውንት ከሆስፒታል አልጋ ተነስተው በአውቶቡስ ሲንከራተቱ፣ መድኃኒት ሲቋረጥባቸው፣ በመጠለያ ሲማቅቁ፣ በፉኩሺማ ግዛት ከ2,000 በላይ ሞት ከአደጋው ጋር በተያያዘ ተመዘገበ። ጨረሩ ራሱ ያደርሰዋል ተብሎ ከሚጠበቀው እጅግ የበዛ ነው። የገንዘቡ ወገን ደግሞ አለ፤ ገደቡ ባነሰ ቁጥር የኑክሌር ጣቢያ መገንባት ይወደዳል። በ2021 የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ገደቡ ይላላ የሚሉ አቤቱታዎችን መርምሮ ውድቅ አደረገ። በግንቦት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያንኑ መሥሪያ ቤት፣ የቀጥታ መስመሩን አስተሳሰብ እንደገና አጢን ብለው አዘዙ። በአራት ዓመት ውስጥ ሳይንሱ አልተገለበጠም። የተለወጠው የኤሌክትሪክ ፍላጎትና ፖለቲካው ነው።

«አንተ የምትደበቅለትን»

አሁን ወደ ቤት እንመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን፣ እትዬ ነው የምንላት፣ ሳል ያዛትና ሐኪም ራጅ ያዝላታል። አብሬያት ነበርኩ። ባለሙያው ደረቷን ሰሌዳው ላይ አስጠግቶ «እማማ፣ ትንፋሽ ይያዙ» አለና ከግድግዳው ጀርባ ሊገባ ሲል እትዬ ዘወር አለች።

«ወዴት ነው?»

«ጨረሩ እንዳይነካኝ ነው እማማ፣ አይዞዎት።»

«አንተ የምትደበቅለትን እኔ በደረቴ ልቀበለው?» ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሰውየው ትክክል ነበር፤ እትዬም አመክንዮዋ ትክክል ነበር። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እርስዎ አንዴ ነዎት፤ እኔ ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ነኝ።» ያንን የሚላት ሰው አልነበረም፤ ወረፋው ረጅም ነው። እሷ ከሰማይ በዓመት የምታገኘው ከዚያ ራጅ ወደ አስር እጥፍ ይጠጋል። ሁለት ወር ቆይታ ደም ስትተፋ ተመለሰች። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ስድስት ወር መድኃኒት ወስዳ ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን በዚያ ሁለት ወር አንድ ክፍል ውስጥ አብረዋት የሚያድሩ ሦስት ልጆች ነበሩ።

በዚህ ምክንያት ነው ሕክምና በአንድ ሚሊሲቨርቱ ገደብ ውስጥ የማይቆጠረው። ለታካሚ ጥያቄው «ስንት ጨረር አገኘ?» ብቻ አይደለም፤ «ባያገኝስ ምን ይሆናል?» የሚለው አብሮ አለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ተመዝግቦ፣ ወራት ጠብቆ፣ ወረፋው ሳይደርሰው የሞተ ሰው የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በየካቲት 2022 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በአፍሪካ የጨረር ሕክምናን የሚያስፋፋ ዕቅዱን አዲስ አበባ ላይ ሲያስተዋውቅ፣ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች አንድም የጨረር ሕክምና ማሽን አልነበራቸውም። የኛን ሕዝብ እስከ ዛሬ የጎዳው የጨረር መብዛት ሳይሆን የጨረር ማነስ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ገደቡ ይላላ? የኔ መልስ፦ አይላላ። ግን ምክንያቴ የፍርሃት አይደለም።

ገደብ የሚሠራው ሲለካ ነው። ፍጥነት መለኪያ የሌለው መኪና ላይ «ከ80 በላይ አትንዳ» የሚል ታፔላ ጌጥ ነው። የጨረር ሠራተኛ ደረቱ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ባጅ አለች፤ በየተወሰነ ጊዜ ትሰበሰብና ስንት እንደተቀበለ ይነበባል። ያቺ ባጅ በየወረዳው ሆስፒታል በእያንዳንዱ የራጅ ባለሙያ ደረት ላይ ካልዋለች፣ በሰዓቱም ካልተነበበች፣ ገደቡ 20 ሆነ 50 ለእሱ ለውጥ የለውም። ሕጉ ግን አለን። የጨረር መከላከያ አዋጅ በ1993 ወጣ፣ በ2008 ተተካ፣ በ2017 ኑክሌርንም ጨምሮ እንደገና ወጣ። አሜሪካ ገደቧን ላላ ብታደርግ የአሥርት ዓመታት መዝገብ አላት፤ ቢሳሳቱ ስህተቱን የሚያሳያቸው መረጃ አለ። መዝገብ የሌለው ሰው ገደብ ሲያላላ ግን ብሬኩንም መስታወቱንም አብሮ ይነቅላል።

ይህ ነገር አጣዳፊ የሆነው አሁን ነው። በመስከረም 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም ሞስኮ ላይ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ተፈራርመዋል። የሚተከልበት ቦታ የትም ይሁን፣ አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን ማይክ ይዞ «ከገደቡ በታች ነው፣ ምንም ችግር የለም» ይለናል። በማግሥቱ አንድ ቲክቶከር «ከገደቡ አልፏል፣ አለቅን!» ይለናል። ሁለቱም ገደቡን እንደ አህያዋ ወገብ ነው የሚያዩት። አንድ ሚሊሲቨርት ሞትና ሕይወትን የሚለይ ድንበር አይደለም፤ ጭጋግ ውስጥ ላለመሮጥ የተደረሰ ስምምነት ነው። ሲያልፉት መጠየቅ ይገባል፣ «ማን አሳለፈው? ለማን ጥቅም? እኛንስ ጠየቁን?»

ለዚህ ደግሞ ከአሁኑ የሚሠራ ነገር አለ፤ ውድም አይደለም። ጣቢያው ከመምጣቱ በፊት ያለው ጨረር ይለካ። ከማርቆስ፣ ከጮቄ ግርጌ፣ ከዓባይ በረሃ፣ ከእያንዳንዱ ወረዳ፣ ሳር ክዳን ቤት ውስጥም ቆርቆሮ ቤት ውስጥም፣ ክረምትም በጋም። አሥር ዓመት ቆይቶ አንድ ገበሬ «መሬቴ ላይ ጨረር ጨመረ» ብሎ ቢከስ፣ ከምን ጨመረ ብሎ ዳኛው ሲጠይቀው የሚያቀርበው ወረቀት ይኑረው። መለኪያውን ገዝቶ ማንበብ የማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ዳታውን ሰብስቦ ማንም እንዲያየው በካርታ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ የኔ ቢጤ ኮደር ሥራ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ካለ፣ ኮዱን እኔ እጽፋለሁ።